መነፅሩን ከማውለቃችን በፊት



የዓይን ሌዘር ወሬ በሙስሊም ቤተሰብ መካከል ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ያማል ወይ?» ወይም «ስንት ያስከፍላል?» አይደለም። «ሐላል ነው ወይስ አላህ የፈጠረውን መለወጥ ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው በራሱ ደስ ያሰኛል። አንድ ወጣት ገንዘቡን ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት የጌታውን ፈቃድ መፈለጉ የኢማን ምልክት ነው። ይሁን እንጂ ደጋግሜ እንደታዘብኩት «ይፈቀዳል» የሚል መልስ የተገኘ ዕለት ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስል ሰዉ በቀጥታ ወደ ቀጠሮ ይሮጣል። ከዚያ ቀጥሎ መምጣት የነበረበት ሁለተኛው ጥያቄ፣ «የእኔ ዓይን ለዚህ ሕክምና ይሆናል ወይ?» የሚለው፣ ሳይነሳ ይቀራል። ብዕሬን ያነሳሁት ይበልጡን ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው።

የመጀመሪያውን ዘልዬው ብሄድ ግን አንባቢ አይለቀኝም። በልጅነቴ ወሎ ውስጥ ኪታብ ስለቀራሁ፣ ዛሬ ደግሞ ባዮሎጂ ስለማስተምር፣ የሰፈራችን ሰው ሁለቱንም አስታርቆ ይመልስልናል ብሎ ጥያቄውን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። ፈትዋ የመስጠት ደረጃ ላይ አይደለሁም። ዑለማዎች ያሉትን ማድረስ ግን ይቻላል።

በሐዲስ የተወገዘው ለቁንጅና ብለው የአላህን አፈጣጠር የሚለውጡ ሰዎች ድርጊት ነው። ሚንሃጃቸው በወሎ ሐሪማዎች ሲቀራ የኖረው ኢማም ነወዊ ይህንን ሐዲስ ሲያብራሩ ክልከላው ለውበት ብቻ የሚደረገውን እንደሚመለከት፣ ለሕክምና ወይም በአካል ላይ ያለን እንከን ለማስተካከል ቢያስፈልግ ግን ችግር እንደሌለው ገልጸዋል። የሶሓባው የዐርፈጃ ታሪክም በዚህ ቦታ ይነሳል። አፍንጫቸውን በኩላብ ውጊያ ያጡት እኚህ ሰው መጀመሪያ ከብር አሠርተው ነበር፤ ብሩ ሽታ ሲያመጣባቸው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከወርቅ እንዲያሠሩ አዘዟቸው። ወርቅ ለወንድ የተከለከለ ሆኖ ሳለ ማለት ነው። ሩቅ ማየት የተሳነው ዓይን ሥራው የጎደለ ዓይን ነውና ወደ ሥራው መመለስ ከሕክምና የሚቆጠር እንጂ ከኩራት የሚቆጠር አይደለም።

ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2007 በማሌዥያ ፑትራጃያ ከተማ ተሰብስቦ ስለ መሰል ኦፕራሲዮኖች ሲወስን አካልን ወደ ተለመደው ሥራው የሚመልሰውን ፈቅዷል። ይሁንና ፈቃዱን ያለ ገደብ አልለቀቀውም። የሚያስከትለው ጉዳት ከሚጠበቀው ጥቅም የሚበልጥ መሆን የለበትም፤ ሠሪውም በሙያው የበቃ ሐኪም መሆን አለበት። ልብ በሉ፤ ሁለተኛው ጥያቄ እዚሁ መጀመሪያው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጥ እንደሆነ በኪታብ ቤት ማወቅ አይቻልም። የሚታወቀው በሐኪሙ መለኪያ ላይ ነው።

ለመሆኑ የሚለካው ምንድን ነው? ዓይናችን ፊት ለፊት ጥርት ያለ፣ እንደ መስጊድ ቁባ ደጋን ያለ ሽፋን አለው። ሐኪሞች ኮርኒያ ይሉታል። ብርሃን ሲገባ ይበልጡን የሚታጠፈው በዚህ ሽፋን ላይ ነው፤ ቀሪውን ሥራ ከውስጥ ያለው ሌንስ ይጨርሰዋል። የታጠፈው ብርሃን ከዓይን በስተኋላ ባለው ሬቲና በሚባለው ሥሥ ንጣፍ ላይ በትክክል ካረፈ ሰው አጥርቶ ያያል። የዓይን ኳስ ከልክ በላይ ረዝሞ ወይም ቁባው ከልክ በላይ ጎብጦ ብርሃኑ ንጣፉ ላይ ሳይደርስ ከተሰበሰበ የቅርቡ ይታያል፣ የሩቁ ይደበዝዛል። ኳሱ ካጠረ ብርሃኑ ከንጣፉ አልፎ ለመሰብሰብ ይሞክራል፤ በተለይ የቅርብ ነገር ያስቸግራል። ቁባው በሁሉም አቅጣጫ እኩል ካልተደፋ ደግሞ አስቲግማቲዝም ይሆንና ፊደል ጥላ ያወጣል፣ መስመር ይንጋደዳል። እነዚህ ሦስቱ በሽታ ከመባል ይልቅ የልክ መዛነፍ ቢባሉ ይሻላል።

ብርሃን ከሚታየው ነገር ወደ ዓይን እንደሚገባ እንጂ ከዓይን ወጥቶ ወደ ነገሩ እንደማይሄድ በምርምር ያስረዳው የባስራው ተወላጅ ኢብኑል ሀይሠም ነው። ካይሮ ሆኖ ከ1,000 ዓመት በፊት የጻፈው ኪታብ አል-መናዚር ሰባት ክፍል ነበረው። በላቲን ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1572 ባዝል ከተማ ታትሟል። አውሮፓውያን አልሀዘን እያሉ ሲማሩበት ኖረዋል። ይህንን የማነሳው «ሁሉንም እኛ ጀመርነው» ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ፉከራ ለልጆቻችን ብዙም አይጠቅም። የዓይን ሳይንስ ለሙስሊም ተማሪ ባዕድ ቤት አለመሆኑን ግን ማወቁ ደግ ነው።

ወደ ሌዘሩ እንምጣ። ኮርኒያን ቀርጾ መነፅርን የማስቀረት ሐሳብ ሌዘር ከመፈጠሩ በፊት የነበረ ነው። በኮሎምቢያ ቦጎታ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ባራኬር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ስለዚሁ ጽፈዋል። ሥሥ የኮርኒያ ሽፋን ያነሱ፣ በበረዶ ያደርቁት፣ በመቅረጫ ማሽን ይሞርዱት፣ መልሰውም ይሰፉት ነበር። በሞስኮ ደግሞ ፊዮዶሮቭ የተባሉት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በምላጭ ኮርኒያውን እንደ ጋሪ ጎማ ቃጫ ዙሪያውን እየሰነጠቁ እንዲላላ ያደርጉ ነበር። ብዙ ሰው ተጠቀመ። የብዙዎቹ ዓይን ግን ከዓመታት በኋላ ልኩ መለዋወጥ ጀመረ።

ነገሩን የለወጠው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1981 በኒውዮርክ ግዛት በአይ ቢ ኤም ቤተ ሙከራ የሆነው ነው። ስሪኒቫሳን የተባሉት ትውልደ ህንዳዊ ሳይንቲስት ከባልደረቦቻቸው ጋር ኤክሳይመር በሚባለው ሌዘር ላይ ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን ከበዓል የተረፈ የቱርክ ዶሮ ይዘው መጡና ጨረሩን ሞከሩበት። ሌላው ሌዘር ሥጋን ሲያሳርር ይህኛው ዙሪያውን ሳይለበልብ ጥርት አድርጎ ቆረጠው። ከድግስ የተረፈ አጥንት ለስንት ሰው ዓይን ምክንያት ሆነ፤ ሱብሓነላህ። ከሁለት ዓመት በኋላ ትሮከል የተባሉት የኒውዮርክ የዓይን ሐኪም ጨረሩ ለኮርኒያ እንደሚሆን አሳተሙ። የግሪኩ ፓሊካሪስ በቀርጤስ ደሴት በ1980ዎቹ መጨረሻ ዛሬ ላሲክ የምንለውን ዘዴ አስጀመሩ። የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም ሌዘሩን ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1995 ፈቀደ።

አሠራሩ ዛሬ በሦስት መንገድ ይከፈላል ማለት ይቻላል። አንደኛው የኮርኒያን የላይኛ ልጣጭ ገፎ በቀጥታ ጨረሩን ማሳረፍ ነው። ልጣጩ በጥቂት ቀናት ተመልሶ ይበቅላል፤ እስከዚያ ግን ያማል፣ ያስለቅሳል፣ እይታም ቀስ ብሎ ነው የሚጠራው። ሁለተኛው ላሲክ ነው። በኮርኒያ ላይ እንደ መጽሐፍ ሽፋን የሚከፈት ሥሥ ክዳን ተሠርቶ ይገለጣል፤ ከሥሩ ጨረሩ ይቀርጻል፤ ከዚያም ክዳኑ ይመለሳል። ሰውየው በማግስቱ ማየት ይጀምራል። ሦስተኛው ክዳን ሳይከፈት፣ በሌዘር ከውስጥ የተቀረጸውን ሥሥ ቁራጭ በትንሽ ቀዳዳ የሚያወጡበት አዲሱ ዘዴ ነው። ሦስቱም የሚሠሩት በሚያደነዝዝ ጠብታ ነው፤ ማስተኛት አያስፈልግም። ጨረሩ ራሱ የሚቆየው ለአንድ ዓይን ብዙ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ነው። ለንግድ ወደ ዱባይ የሚመላለስ አንድ ዘመዳችን ተሠርቶ ሲመለስ «ለፈጅር ስነሳ መነፅር ፍለጋ ትራሱን መዳበስ ቀረልኝ» አለኝ። ዓመታት አለፉት፤ ዛሬም ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ሌዘርን ለማጥላላት የተጻፈ እንዳይመስላችሁ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ሒሳቡን የተረዳ ቤተሰብ አይታለልም። የአንድ ጤነኛ ኮርኒያ ውፍረት መሐሉ ላይ በአማካይ 540 ማይክሮን፣ ማለትም ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የላሲኩ ክዳን ከዚህ ላይ 110 ያህሉን ይወስዳል። ጨረሩ ለእያንዳንዱ የመነፅር ቁጥር በግምት 15 ማይክሮን ይቀርጻል። ቁጥሩ 6 የሆነ ሰው 90 ይቀረጽለታል ማለት ነው። 540 ሲቀነስ 110፣ ሲቀነስ 90፣ 340 ይተርፋል፤ ጥሩ ነው። ኮርኒያው ከተፈጥሮው 490 የሆነ፣ የመነፅሩ ቁጥር ደግሞ 9 የሆነ ሌላ ሰው ብናስብ ግን የሚተርፈው 245 ብቻ ነው። ሐኪሞች ከ250 በታች ማውረድ የለብንም ይላሉ፤ ብዙዎቹማ 300ን ይመርጣሉ። የተቀረጸ ኮርኒያ ተመልሶ አይወፍርም። ከልክ በላይ የሳሳው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ግፊት መቋቋም ያቅተውና ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ወደ ፊት ያብጣል፤ ያኔ መነፅርም አያስተካክለውም።

ከውፍረቱ ሌላ የሚታዩ ነገሮች አሉ። ዕድሜው ከ18 ዓመት ያላነሰ፣ የመነፅሩ ቁጥር ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሳይለዋወጥ የቆየ መሆን አለበት። ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናት ትጠብቃለች፤ በዚያን ጊዜ ቁጥሩ ሊለዋወጥ ይችላልና። የዓይን ድርቀት ያለበት፣ ስኳሩ ያልተስተካከለ፣ የሰውነት መከላከያው ራሱን የሚያጠቃ በሽታ ያለበት ሁሉ አስቀድሞ ለሐኪሙ መናገር አለበት። በዓይን ውስጥ የሚቀመጥ ሌንስ የሚጠቀም ሰው ከመለካቱ በፊት ሐኪሙ እንደሚነግረው ለአንድ ሁለት ሳምንት፣ ጠንካራው ዓይነት ከሆነ ከዚያም በላይ ማውጣት አለበት፤ ሌንሱ ቅርጹን ስለሚጫነው ልኬቱ ያሳስታል። ዕድሜያቸው ከ40 ያለፈ ወንድሞችም ይህንን ይወቁ፤ ሌዘሩ ሩቁን ቢያጠራላቸውም ሙስሐፉን ለመቅራት የማንበቢያ መነፅር መፈለጋቸው አይቀርም። ያኛው የውስጠኛው ሌንስ እርጅና ነው።

ስለ ቅርጹ የማወራው ግን ከቤቴ በመጣ ነገር ነው። ታናሽ እህቴ ለሥራ በሄደችበት አንድ የባሕረ ሰላጤ ከተማ ስድስት ዓመት ኖራለች። ኒቃብ ትለብሳለች። መነፅር ከኒቃብ ጋር ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያየ ያውቀዋል፤ ትንፋሹ ወደ ላይ ይወጣና መስተዋቱን ያለብሰዋል፣ መንገድ መሻገር እንኳ ጭንቅ ይሆናል። በዚህ ላይ ኒካሕ ታስቦላት ነበርና የወደፊት አማቷ በሰው በኩል «ዓይነ ደካማ ናት አሉ» ማለታቸው ጆሮዋ ደርሷል። ከደመወዟ ለዓመታት ያጠራቀመችውን ገንዘብ ለሌዘሩ መደበችና ደወለችልኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ ሐራም ነው የሚሉ አሉ። አንተ ምን ትላለህ?»

ከላይ የጻፍኩትን ነገርኳት፤ ደስ አላት። አንዱ ክሊኒክ የዒድ ቅናሽ አለን ብሎ በዚያው ሳምንት ቀጠሮ ሊሰጣት ነበር። የዓይኗን ካርታ አንስተዋል ወይ ብላት «ምን ካርታ? መነፅሩን አይተው ይሆናል አሉኝ» አለች። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሄዳ ሙሉ ምርመራ እንድታደርግ ለመንኳት። ሄደች። ሐኪሙ የኮርኒያዋን ቅርጽ በቀለም የሚያሳየውን ሥዕል አስቀምጦ ታችኛው ክፍል ቀልቶ አሳያት። ቁባ መሆን የነበረበት ወደ ታች ተንጋዶ እንደ ሾጣጣ ወጥቷል፤ ከዚያው ላይም ሳስቷል። ኬራቶኮነስ ይባላል። ይህ ያለበት ዓይን ላይ እንዲህ ያለውን ሌዘር ማሳረፍ የተሰነጠቀ ግድግዳ እንደ መፈቅፈቅ ነው።

ደውላ ስታለቅስ ግማሽ ሰዓት አዳመጥኳት። «ሌላ የሚያስከፍል ሕክምና ሊያደርግልኝ ፈልጎ ነው የከለከለኝ» ብላ ጠረጠረችው። ሦስተኛ ቦታ ሄደች፤ ተመሳሳይ መልስ ሰጧት። ለካስ የመነፅሯ ቁጥር በየዓመቱ ሲቀያየር የኖረው፣ እኛም «ሥራ አብዝታ ነው» ስንል የቆየነው፣ ይኸው ኖሯል። ሐኪሙ ባያስቆማት ኖሮ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ከፍላ የያዘችውን ዓይን ታጣበት ነበር። ገንዘቧ ግን በከንቱ አልቀረም። ለዚህ ችግር በጀርመን ድሬዝደን የተጀመረ ሕክምና አለ። ራይቦፍላቪን የሚባለውን ቫይታሚን በጠብታ እየጨመሩ አልትራ ቫዮሌት ብርሃን ያበሩበታል፤ ብርሃኑ የኮርኒያውን ክሮች እርስ በርስ ያስተሳስርና መሾጠጡን በአብዛኛው ያስቆመዋል። የጠፋውን አይመልስም፤ ያለውን ያቆያል። ተደርጎላት ቁጥሩ ቆሟል። ኒካሑም በመነፅር ተፈጸመ። አማቷ ዛሬ መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገቡት እሷን ጠርተው ነው።

ኬራቶኮነስ ከምን ይመጣል? በዘር የሚመጣ ዝንባሌ አለው። ሐኪሞች አጥብቀው የሚጠሩት ሌላ ነገር ግን ዓይንን ማሸት ነው። በአቧራና በበጋ ወራት ዓይናቸውን የሚያሳክካቸው፣ ቀኑን ሙሉ በጣት መገጣጠሚያ የሚያሹ ልጆች በየቤታችን አሉ። እህቴም አንዷ ነበረች፤ እናታችን «ተይ አትሺ» ስትላት ነው ያደገችው። ማሳከኩ አለርጂ ነው፣ መድኃኒት አለው። ከሱቅ የተገዛ ማንኛውንም ጠብታ ግን አይደለም። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ያለ ሐኪም ለረዥም ጊዜ ከተጨመረ የዓይን ግፊትን ከፍ አድርጎ ብርሃንን እስከ ማጥፋት ሊደርስ ይችላል።

ከምርመራው ሁሉ በኋላ «ይሆናል» የተባለ ሰው ደግሞ አላህን አመስግኖ ይሠራ፣ ኢስቲኻራውን ሰግዶ። የሚገጥመውን አስቀድሞ ይወቅ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የዓይን ድርቀት የብዙዎች ነው፤ ጥቂቶቹን ለረዥም ጊዜ ያስቸግራቸዋል። ሌሊት በመብራት ዙሪያ ቀለበት የሚታየው አለ፤ ሾፌር ለሆነ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ልጣጩ ተገፎ የተሠራለት ሰው በእኛ ደጋ ፀሐይ ላይ ለወራት ጥቁር መነፅር ያድርግ። የነጻ ዓይኔን መልሳችሁ ስጡኝ ብሎ ተሠርቶ ፀሐይ መነፅር ሲታዘዝለት የሳቀ ወጣት አውቃለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ በጥብቅ። ቁጥሩ ከፍተኛ የነበረ ሰው መነፅሩን ቢጥልም የዓይኑ ኳስ እንደረዘመ ነው። ሬቲናው የመቀደድ አደጋው አልሄደም። ድንገት የብልጭታ ብርሃን፣ የሚንሳፈፉ ጥቁር ነጠብጣቦች ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ካየ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። የቅድመ ሌዘር ልኬቱን ወረቀትም አይጣል። ነገ በእርጅና ሞራ ቢመጣበት የሚተካው ሌንስ የሚሰላው በእሱ እገዛ ነው።

ስለ ዒባዳው ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ለቀናት ውሃ ወደ ዓይን እንዳይገባ ይከለከላል። ያኔ ሶላት አይተውም። የቻለውን የፊቱን ክፍል በእርጥብ እጅ በጥንቃቄ ያጥባል፤ ውሃ ሊያደርስ ላልቻለበት ቦታ በሻፊዒይ መዝሀብ ተየሙም ይጨመራል፣ በሐነፊው ደግሞ ማበስ አለ። ዝርዝሩን በአካባቢያችሁ ካለ ዓሊም ጠይቁ። የዓይን ጠብታ በሁለቱም መዝሀቦች ጾም አያስፈታም፣ ጣዕሙ ጉሮሮ ላይ ቢሰማም። ማሊኪዎቹ ይጠነቀቁበታል። የሚዋጥ የሕመም ማስታገሻ ግን ያስፈታል። ቀኑ በእጃችን የሆነ ኦፕራሲዮን ነውና ረመዳን እስኪያልፍ መጠበቅ ምን ይጎዳል? እህቶች ኩሉን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ያቆዩት።

አሁን ደግሞ የአማቲቱን ቃል ላንሳው። «ዓይነ ደካማ»። በትምህርት ቤት «አራት ዓይን» ይባላል። ሴት ልጃቸው መነፅር እንዳታደርግ የሚከለክሉ ወላጆች አጋጥመውኛል፤ «ባል አታገኝም» ብለው። ሠርግ ላይ መነፅሯን ከቦርሳዋ ከትታ የሰላምታ ሰጪውን ፊት ሳትለይ የምትውል ሙሽራ አይቻለሁ። ነውር የሌለበት ነገር ነውር ሲደረግ ሰው ለነውሩ ብሎ ምርመራውን ዘልሎ ወደ ጨረሩ ይገባል። ሐኪሙ «አይሆንም» ሲለውም «ይሆናል» የሚለውን ይፈልጋል፤ አይጠፋምም። ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሚሆን በሐዲስ መጥቷል። ቢሆንም ተጠያቂው ቢጠየቅ ዓይኑ አይመለስም።

ባለፈው ዓመት ለአንድ ተማሪዬ አባት «ልጅህ ሰሌዳ አይታየውም፣ መነፅር ይሠራለት» ብለው «መነፅር ከለመደ ዓይኑ ይደክማል፣ ሲያድግ በሌዘር ይነሳለታል» አለኝ። ሁለቱም ትክክል አይደለም። መነፅር ዓይን አያደክምም። ሌዘር ደግሞ ያጠፋነውን ሁሉ አያነሳም። በልጅነቱ አንደኛው ዓይኑ አጥርቶ ሳያይ ያደገ ልጅ አእምሮው ያንን ዓይን መጠቀም ይተዋል፤ ሰነፍ ዓይን ይባላል። ይህ የሚታከመው በልጅነት ነው፤ በተለይ ሰባትና ስምንት ዓመት ሳይሞላ። ከዚያ በኋላ በ25 ዓመቱ ኮርኒያው ቢቀረጽለት ብርሃኑ ይስተካከላል እንጂ አእምሮው ያልተማረውን አያይም።

በሁለቱም ቤት ተምሬ ስላለፍኩ የማየው አንድ ነገር አለ። የቅርብ እንጂ የሩቅ የማያይ ልጅ በቁርአን ቤት ችግሩ አይታወቅም። ሉሁ ጉልበቱ ላይ ነው፤ ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል፤ ኡስታዙ «ጎበዝ» ይለዋል። ያው ልጅ ከሰዓት በኋላ በሌላው ትምህርት ቤት ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሰሌዳውን ሲያጣው «ደደብ» ይባላል። እናት ከሁለቱ መምህራን የምትሰማው የተለያየ ነው፤ ግራ ይገባታል። ስለዚህ ልጃችሁ በመድረሳ ጎበዝ በአስኳላ ሰነፍ ከሆነ መጀመሪያ ዓይኑን አስመርምሩት። በየተራ አንድ ዓይኑን ሸፍኖ ከመንገዱ ማዶ ያለ የሱቅ ጽሑፍ ያንብብላችሁ፤ እናንተ የምታነቡትን እሱ ካላነበበ ወደ ሐኪም ውሰዱት። በታይዋን ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ልጆች በቀን ሁለት ሰዓት ከቤት ውጭ በብርሃን እንዲውሉ ይደረጋል፤ የቀን ብርሃን የሩቅ እይታ መድከምን እንደሚያዘገይ ታውቋልና። የእኛ ልጆች ከሉሁ ወደ ደብተር፣ ከደብተር ወደ ስልክ ነው የሚሻገሩት።

እኔ ዘንድሮ ከማስተምራቸው ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ያዛወርኳቸው አምስት ልጆች ናቸው። ለሦስቱ መነፅር ተገዝቷል። የሁለቱ ወላጆች እስካሁን አልመጡም፤ መልእክት ልኬባቸው እየጠበቅሁ ነው።